ለግላይደሩ አፍንጫ የጨመርኩት ምራቂ

እግሬ አያርፍም። ሰበታ ከሴት ልጄ ጋር፣ ቡራዩ ከወንድ ልጄ ጋር እኖራለሁ እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር የምኖረው በሁለቱ መሃል ሚኒባስ ውስጥ ነው። አንድ ቤት ሳምንት ከሞላኝ እግሬን ይበላኛል። ተነስቼ ተጂ ገበያ እወርዳለሁ፤ የምገዛው ኖሮኝ አይደለም፣ የድሮ ደንበኞቼ ማን አለ ማን ሞተ ለማለት ነው። ሲያሻኝ መናገሻ እወጣለሁ።

በዚህ ሁሉ መዞሬ ግን ሱሉልታን አልወድም ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ብርዱ ነው እላለሁ። ብርዱ አይደለም። እዚያ ያሉት ሴትዮ ናቸው።

ሴትዮዋ የልጄ ሚስት እናት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። አንዲት የጋራ የልጅ ልጅ አለችን። እሳቸውን “እማማ” ትላቸዋለች፣ እኔን “አኮ”፣ በሰፈራችን ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔን አንቱ ትለኛለች፣ እሳቸውን ግን አንቺ። ሰው “አክብራሽ ነው” ይለኛል። ክብሩን እሳቸው ይውሰዱትና የእሳቸውን “አንቺ” ለእኔ ይስጡኝ።

ልጅቷ አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቡራዩ አንድ አሉሚኒየም ቤት ተቀጥራ በርና መስኮት ትሠራለች፤ እጇ የነካው ሁሉ ይገጥማል። አምና ደግሞ ሞተር የሌለው ትልቅ አውሮፕላን መሥራት ጀመረች። ግላይደር ይሉታል። ንፋስ ላይ ተኝቶ ይሄዳል፣ እሷ ከታች ሆና በሪሞት ታዞረዋለች። ክንፉ ሲገጠም ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሜትር ነው። የልጄ ቤት ሁለት ክፍል ነች፤ አራት ሜትር ክንፍ ቀርቶ ተጣጣፊ አልጋ ለመዘርጋት እንኳ ጠረጴዛው ውጭ ማደር አለበት። ስለዚህ ክንፎቹ ሱሉልታ ሄዱ፣ እሳቸው ሳሎን። ከቤታቸው ኋላ ደግሞ ሜዳው አለ።

ክንፉ ሲሄድ እሁዱም አብሮ ሄደ። ድሮ እሁድ እሁድ የትም ብሆን ፈልጋ ታገኘኝ ነበር። ሰበታ ብሆን ሰበታ ትመጣለች። እግሬን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ ጥፍሬን ትቆርጥልኛለች፣ የሥራ ቤቷን ሰዎች አንድ በአንድ እያስመሰለች ታስቀኛለች። አሁን ስደውልላት፣ “አኮ፣ ሱሉልታ ነኝ። እማማ ክንፉን እያለበሰችልኝ ነው” ትለኛለች። እሳቸው ክንፍ ያለብሳሉ፣ የኔ ጥፍር ያድጋል።

አንድ ቅዳሜ ቡራዩ እያለሁ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበራል አለች።

“እኔም እመጣለሁ” አልኩ።

“አኮ፣ ብርዱስ?”

“የሚበርደኝ እኔ። አንቺን ምን ቸገረሽ?”

እሁድ ጠዋት የአውሮፕላኑን ገላ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በትከሻዋ ተሸክማ ወጣች። ወያላው አይቶ ሚኒባሱን ሊያስነሳብን ምንም አልቀረው።

“እህት፣ ሬሳ አንጭንም!”

“አውሮፕላን ነው።”

“በይ ግቢ ፓይለቷ። እናታችንን መስኮቱ ጋ፣ እንዳያዞራቸው።”

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ የአውሮፕላኑን ጅራት ጭኔ ላይ አስተኝቼ ከተማውን አቋርጠን፣ እንጦጦን ዞረን፣ ሱሉልታ ደረስን። ያ መንገድ ደስ ብሎኝ ነበር። ግማሹ አካሉ በኔ እጅ ነበራ።

ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

“ውይ፣ ዛሬስ ሱሉልታን አከበሯት!” አሉኝ።

“ምን ላድርግ፣ ሰው እኔ ጋ ካልመጣ እኔ ሰው ጋ ልምጣ እንጂ።”

“ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ።”

“ለመቀመጥ አልመጣሁም።”

ሳሎናቸው ገባሁ። ሁለቱ ክንፎች ሶፋው ላይ በነጠላ ተሸፍነው ተኝተዋል፤ እንግዳ እንኳ እንዲህ አይተኛም። ልጅቷ ነጠላውን ገለጠችው። ከስስ እንጨት የተሠራ አጥንት አለው፣ በላዩ ቢጫ ላስቲክ እንደ ቆዳ ተወጥሯል። ላስቲኩን በካውያ እየተኮሱ ያጣበቁት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብዬ እንከን ፈለግሁ። በጣቴ ዳሰስኩ፣ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌ አየሁ። አንዲት እንኳ የተጨማደደች ቦታ አጣሁ። የሰው ሥራ ሲያምር እንዴት ያበሽቃል!

ከቤቱ ኋላ ሣሩ ላይ ሁለት በርጩማ አስቀምጠው ገላውን አጋደሙት። እንደ መጥረጊያ እንጨት የሚወፍር ጥቁር ዘንግ በገላው መሃል ታልፋለች፤ ክንፎቹ ከግራና ከቀኝ በሷ ላይ ይሰካሉ። ልጅቷ በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን ቆሙ።

“ያዝሽ?”

“ያዝኩ።”

“ግፊ።”

ቀጭ አለ። ሁለቱም እኩል ፈገግ አሉ። ስንት እሁድ ቢለማመዱት ነው! ከዚያ እንደ ክር የቀጠኑ ሽቦዎች ተያያዙ፣ ጅራቱ በሁለት ብሎን ታሰረ፣ መጋጠሚያው ላይ ፕላስተር ተለጠፈ። እኔ ዙሪያውን እየዞርኩ “ይሄስ ምንድነው? ያስ ምንድነው?” እላለሁ። ይመልሱልኛል። ግን ሰው ሲጣደፍ ለሕፃን እንደሚመልሰው ነው።

ቀጥሎ ሚዛኑ መጣ። ልጅቷ ከእንጨት የሠራቻት ማቆሚያ አለች፤ ሁለት ቀጭን እግር ቀና ብሎ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ላስቲክ ተደርጎበታል። ከክንፉ ሥር በቀለም ምልክት አድርጋለች። ምልክቱን ላስቲኩ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ጅራቱ ወደ መሬት ወረደ።

“አየሽ አኮ” ብላ ምላሷን ነከሰች፣ “አዩ አኮ፣ ጅራቱ ከከበደ አናቱን ሰቅሎ ይወድቃል። አፍንጫው ከከበደ ደግሞ መሬት ይወጋል። የሚፈልገው ልክ ልኩን ነው።”

አፍንጫው ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ በሷ ገብቶ ክብደት ይጨመራል። ክብደቱ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲመዝኑ የሚለጥፉት፣ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሰብስባለች። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወርቅ ቤት ያለችውን የምትመስል ሚዛን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ቁጥር ያነባሉ፤ ልጅቷ በሒሳብ ካወጣችው ልክ ጋር ታስተያያለች።

“አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ግራም።”

“ጨምሪ እማማ።”

“ሃያ ስምንት ነጥብ ስድስት።”

እኔ በሕይወቴ ያልመዘንኩት የለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ቅቤ፣ አብሽ። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም፣ ፊደል የለቀምኩት ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው፤ ግን መዳፌ ላይ ያረፈውን ነገር ልኩን አልስትም። አንድ እንኳ የጠየቀኝ የለም።

“እኔስ?” አልኩ።

ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየች። “እርስዎ፣ አኮ፣ ቆርቆሮዋን ይያዙልኝ።”

ቆርቆሮ ያዝኩ።

በመጨረሻ ስትለቀው ቆመ። አራት ሜትር ሙሉ፣ በሁለት ነጥብ ላይ፣ አፍንጫውን ቅንጣት ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። ትንፋሽ ቢነካው ይወዛወዝና ይመለሳል። እውነት ያምር ነበር። ልጅቷ ሴትዮዋን አንገታቸውን አንቃ ሳመቻቸው።

“እማማ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!”

ቆርቆሮው እጄ ላይ ከበደ።

ሁለቱ የንፋሱን አቅጣጫ ሊያዩ ሜዳው ላይ ወደ ተከሏት የጨርቅ ባንዲራ ሄዱ። ክዳኑ ገና ክፍት ነው። እኔና አውሮፕላኑ ብቻችንን ቀረን።

አንድ ነገር ልናገር። በኛ ገበያ ልክ ልኩን ሰጥቶ ዝም የሚል ነጋዴ ንፉግ ነው። ጣሳውን ሞልተሽ ትሰፍሪና ከላይ አንድ ጭብጥ ትጨምሪያለሽ፤ ያ ምራቂ ይባላል። ምራቂ ያላገኘ ደንበኛ አይመለስም፣ ምራቂ የሌለው እህል ቤት ገብቶ አይበረክትም። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሸጥኩት። ታዲያ ያቺ ነጥብ አራት፣ ነጥብ ስድስት ስትባል፣ ይሄ ንፉግነት ነው ስል ነበር። ለልጄ ልጅ በነጥብ ይሰፈራል? አንዱን እርሳስ አንስቼ ከተት አደረግሁ። ይሄ ምራቂ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወፋፍራሙን ስጨምር ግን ምራቂ አልነበረም፤ የኔም ነገር እላዩ ይኑር ብዬ ነው። አፍንጫው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ አነሳሁ፣ ከሥሩ ሸጎጥኩ፣ መለስኩት።

ተመልሳ መጣች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በፕላስተር አሸገች። እኔ ቆርቆሮውን አቅፌ ቆምኩ።

ሜዳው ወደ ታች ትንሽ ይዘነበላል። መጀመሪያ በእጅ ወርወር አድርጋ ልትሞክረው ነው። ከሆዱ ይዛ፣ በራሷ ላይ ቀና አድርጋ፣ ወደ ንፋሱ ሮጠችና ለቀቀችው። ክንፉ አንዴ አየሩን የያዘ መሰለ። ከዚያ አፍንጫውን ደፋ። እሷ ሪሞቱን ወደ ኋላ ስትስብ፣ እኔ “ቀና በል!” ስል፣ ሄዶ ሣሩ ውስጥ ተሰካ። ድምፁ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር ነው።

ሮጣ ደረሰች። አንዱ ክንፍ ከዘንጉ ተነቅሎ ወዲያ ወድቋል፣ አፍንጫው ተሰንጥቋል፣ እርሳሱ ሣሩ ላይ ተበትኗል። የዓመት ሥራዋ ነው። ተንበርክካ አየችው፣ አላለቀሰችም። ቀና ብላ ሴትዮዋን አየቻቸው።

“እማማ፣ በደንብ አይተሽ ነው ያነበብሽልኝ?”

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አላደረጉትም።

“እንጃ። ስምንቱን ሦስት ብዬ ይሆናል። ሰሞኑን ዓይኔ…” አሉ። “ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያንብብልሽ፣ ልጄ” አሉ።

ጣፈጠኝ። ለምን እዋሻለሁ? አንድ ትንፋሽ ያህል ማር ሆነብኝ። የተበተነውን እርሳስ ማን ይቆጥረዋል? ዝም ብል እሁዱ ወደ እኔ ሊመለስ ነው። ግን የሴትዮዋን ፊት አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ቆርቆሮ ያዙ ስባል የነበረኝ ፊት ነው።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ምራቂ ጨምሬበታለሁ።”

“ምን?” አለች ልጅቷ።

“ምራቂ ነዋ። እናንተ ባንዲራዋ ጋ ስትሄዱ።”

“ስንት?”

“ሦስት።”

“ሦስት! አኮ፣ ምስር መሰለዎት እንዴ?” ጮኸች። እኔ ላይ ጮኻ አታውቅም። ተነስታ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች።

ሴትዮዋ አፍጥጠው ያዩኛል። “እኔ ስወቀስ ቆመው ያዩ ነበር?”

“ጥቂት ነው ያየሁት።”

“ጥቂት!”

“ጥቂቷም ጣፍጣኝ ነበር” አልኳቸው። ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ?

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሊሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ሳቅ ነው። “እግዜር ይይልዎት” አሉኝና ሣሩ ላይ ተንበርክከው እርሳሱን ይለቅሙ ጀመር። እኔም ጎናቸው ተንበረከክሁ። ልጅቷም ቆይታ መጣች፣ ሳታናግረኝ።

ክንፉ ደህና ነው፤ ከዘንጉ ቶሎ እንዲወልቅ የተደረገው ለዚሁ ኖሯል። የአፍንጫውን ስንጥቅ በፈጣን ማጣበቂያ ያዘችው፣ በፕላስተር ጠቀለለችው። ማቆሚያዋ ላይ መልሳ ስታወጣው ወደ እኔ ዞረች።

“አኮ፣ እጅዎን ወደ ኋላ!”

እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

“ይኸው፣ ትምህርት ቤት ገቡ” አሉ ሴትዮዋ መነጽራቸውን እያደረጉ። ቁጥሩን ሦስቴ አነበቡ፣ ሦስቴ ልክ ሆነ።

ዳግመኛ ሮጣ ለቀቀችው። በዚህኛው አልደፋም። የሣሩን ጫፍ እየታከከ ሄደ፣ ንፋሱን አገኘ፣ አንድ ክንፉን ዘንበል አድርጎ ወጣ። ያለ ድምፅ። ቢጫው ክንፍ ፀሐይ ሲነካው ሥሩ ያሉት አጥንቶች ይታዩ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ሁለት እጇን ሪሞቱ ላይ አድርጋ፣ ተከትላው መራመድ ጀመረች።

“አየሁት! የኔ ጎበዝ!” ብዬ ጮህኩ። አልሰማችኝም።

“ልጄ፣ ወደዚህ አዙሪልን!” አሉ እሳቸው። እሳቸውንም አልሰማችም። ሜዳውን እያቋረጠች ራቀች።

“እንዲህ ናት” አሉ ሴትዮዋ። “በፊት የሠራችውን ትንሹን ስታበርም እንዲሁ ነበረች። ክንፍ ስተኩስላት ታወራኛለች፣ ሥራው ካለቀ ግን አለሁም የለሁም። እርስዎ ጋ ስትሆንማ ስትስቁ ትውላላችሁ አሉ።”

“ማን አለ?”

“ራሷ ናታ። አኮ ጋ ሄጄ፣ አኮ እንዲህ ብላኝ፣ ሆዴ እስኪያመኝ ስቄ። እኔን አንድ ቀን አስቃኝ አታውቅም። ስንት ጊዜ እንደተቃጠልኩ እርስዎ ምን ያውቃሉ!”

ደስ አለኝ፣ ከሚገባው በላይ። ደግሞ አሳዘኑኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ከጎናቸው ጠጋ ብዬ ቆምኩ፤ ብርዱም እውነት ነበር። ልጅቷ ከሩቅ አንዲት ነጥብ ሆናለች፣ ፊቷ ወደ ላይ ነው። ሁለት አሮጊቶች ያን ቢጫ ነገር አፍጥጠን አየነው።

“በቃው እንግዲህ፣ ይውረድ” አሉ እሳቸው።

“እኔም እሱን ልል ነበር” አልኩ።

አልወረደም።