የዘጠኝ ሰዓት ለስላሳ

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ጤና ጣቢያ ደም ግፊት አለብሽ አሉኝ። ደባርቅ ላይ ወሬ ከሰው ይቀድማል፤ እኔ መድኃኒቴን ይዤ ቤቴ ሳልደርስ ሰፈሩ ሰምቷል። በማግስቱ ጥየቃው ተጀመረ።

በኛ አገር በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ድሮ ወተት ይመጣ ነበር። ጊዜው ግን ሁዳዴ ነው፤ ጠላውን ደግሞ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ከልክላኛለች። ስለዚህ የመጣው ሁሉ ለስላሳ ይዞ መጣ። የጾም ነው፣ አያሰክርም፣ ምን ያደርጋል ተባለ። ጎረቤቴማ በየቀኑ፣ በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሁለት ጠርሙስ ይዛ ትከተለኛለች። ቆርኪውን በጥርሷ ነው የምትከፍተው፤ «ኋላ ድዳም ትሆኛለሽ» እያልኩ እቆጣታለሁ። እሷም እንደኔ ባሏ ሞቶባታል። ልጆቼ ጎንደርና ሁመራ ናቸው፤ ከእሷ ጋር የምቀመጣት ያቺ ሰዓት ባትኖር ቀኑ አይመሽልኝም ነበር።

ጨው ተውኩ። ቡናም ተውኩ፣ እያለቀስኩ። ክኒኔን አንድ ቀን አላጓደልኩም። ግፊቱ ግን አልወርድ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ስወጣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ትደርሳለች። ሲስተሯ መድኃኒቱን አይውጡም ብላ ጠረጠረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም መባሌ አንገበገበኝ።

«እሺ፣ ምን ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«ለስላሳ ነዋ።»

«በቀን ስንት?»

እንግዳ በበዛ ቀን አራትም አምስትም ነበር። ሰው ያመጣውን ፊቱ አለመጠጣት ነውር ነው። ብዕሯን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ይኸ ሁሉ እኮ ስኳር ነው። ያወፍርዎታል፣ ግፊቱን ይጨምረዋል፣ ልብዎን ያደክመዋል። ክኒኑ የሠራውን ለስላሳው እያፈረሰው ነው።»

እኔ ጠላቴ ጨው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተናድጄ ወጣሁና ላገኘሁት ሁሉ «ከእንግዲህ ለስላሳ ይዞ በሬን የሚያንኳኳ እንዳላይ» አልኩ። አፌ ክፉ ነው፤ ባለቤቴም ሲነግረኝ ነው የኖረው።

ማንም በሬን አላንኳኳም። ጎረቤቴም ቀረች። በፋሲካ እንኳ ከደጅ «እንኳን አደረሰሽ» ብላኝ አለፈች። በዘጠኝ ሰዓት በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ወደ ዛሪማ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ግፊቱ ወረደ። ሲስተሯ «ጎበዝ፣ አሁን ዳኑ» ስትለኝ ደስታዬን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ክረምቱ ሲገባ ኩራቴን ዋጥኩና በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኋት።

«ምን በደልኩሽ?»

«ምን ይዤ ልምጣ?» አለችኝ፣ እሷም ተቆጥታ። «በሽተኛ ቤት እጄን እያወዛወዝኩ ልግባ?»

«ውኃ ይዘሽ ነይ!» ብያት ገባሁ። ገብቼም አለቀስኩ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ጠርሙስ ይዛ ከች አለች። ልጮህባት አፌን ስከፍት አየሁት፤ ጠርሙሶቹ ታጥበው፣ ከቧንቧዋ ውኃ ተሞልተው፣ አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ ተወትፏል። አንዱን ሰጠችኝና እንደ ድሮው መደቡ ላይ ተቀመጠች።

ሌሎቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። እኔ ግን የዚያን ቀን ባይጠማኝም ጠርሙሱን እስከ ታች ጨረስኩት። ሰው ያመጣውን ፊቱ አለመጠጣት ነውር ነው።