ሐጂ በመጡበት ቅዳሜ

የምሠራው ሥዕል አብስትራክት ነው። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፤ የሚታየው ክንዴ ያለፈበት መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማታለል አይቻልም። እጅ መሃል ላይ ካመነታ ቀለሙ ያሳብቃል፤ በላዩ ሲደርቡበት ደግሞ ይብስበታል።

ያን ቅዳሜ፣ አየር ጤና በተከራየሁት ድሮ ጋራዥ የነበረ ክፍል ውስጥ፣ ትልቁን ሸራ መሬት ላይ ዘርግቼ ከጠዋት ጀምሮ እዞረዋለሁ። የቀረው አንድ ጥቁር መስመር ነበር፤ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በአንድ ትንፋሽ። ፈርቼዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ ሽማግሌዎቼ የምወዳትን ልጅ ሊጠይቁልኝ ኮልፌ እቤቷ ሊሄዱ ነው፤ እሱንም ፈርቼዋለሁ። አባቷ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው፤ ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብለው አያምኑም።

ከሰዓት በኋላ እንደምንም ቆረጥኩ። ሰፊውን የግድግዳ ብሩሽ ነክሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ጀመርኩ። መሃል ስደርስ በሩ ተከፈተ።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

የአባቷ ድምፅ ነው። ሳይነግሩኝ ሥራዬን ሊያዩ መጥተዋል። ሰላምታ አለመመለስ በእኛ ዘንድ ነውርም ኃጢአትም ነው። ብመልስ ግን ትንፋሼ ይቆረጣል፣ ክንዴም ይቆማል። አልመለስኩም። ጀርባዬን እንደሰጠኋቸው፣ ብሩሹን እስከ ጥጉ ጎተትኩት። ዞር ስል በሩ ላይ ማንም የለም።

እየሮጥኩ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ ደረስኩባቸው።

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ሐጂ» አልኩ። ከረፈደ በኋላ ማለቴ ራሴን አሳፈረኝ። «ይቅር ይበሉኝ፤ መሃል ላይ ባቆም ይበላሽ ነበር።»

«ቀለሙ?»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። መዳፌ በቀለም ጠቁሮ ስለነበር ለሰላምታ ክንዴን ዘረጋሁላቸው። ቆይተው ቆይተው ያዙት። ከያዙት በኋላ ግን አልለቀቁትም።

«ይንቀጠቀጣል እኮ። ስትሠራም እንዲህ ነው?»

«ስሠራስ አይንቀጠቀጥም። አሁን ልጅዎን አጣኋት ብዬ ነው።»

ታክሲው መጣና ረዳቱ «ኮልፌ! ኮልፌ!» እያለ በሩን ከፈተላቸው። ክንዴን እንደያዙ በሌላው እጃቸው እለፍ አሉት።

«ሽማግሌዎችህ ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይምጡ» አሉኝ። «አሁን ግን ና፣ ያን ከኔ የበለጠብህን ነገር አሳየኝ።»

አብረን ተመለስን። መስመሩ ይውጣልኝ አይውጣልኝ እኔም ገና አላየሁትም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከነገው ሽምግልና ይልቅ ያን በር መክፈቱ አስፈራኝ።