ስሜ ከግራዝማቹ ሬዲዮ እንዲወጣ

ከመንደሬ ከአሪቻ የወጣሁበት ምሽት ካፊያ ነበር። አባቴ ዱካሌ ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ ይርጋጨፌ መንገድ ሊሸኘኝ ወጣ። በባለመሬቱ በግራዝማች ደምሴ ደጃፍ ስናልፍ፣ በአካባቢው ብቸኛው ሬዲዮ በረንዳው ላይ ይጮኻል። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ጭሰኛ ሳይፈቀድለት በዚያ ደጅ አያልፍም። ግራዝማች ዜናውን አዳምጦ እስኪጨርስ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፤ የአባቴ ራስ ግን ይበሰብሳል።

"ወዴት ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ልጄ ውጭ አገር ለትምህርት ተልኮ ነው፣ ጌታዬ።"

"የእንሰት ፋቂ ልጅ! እዚያ ደግሞ ምን ሊፍቅ ነው?"

አባቴን ቀደም ሲል በእጁ ከተከለው የቡና ማሳ ያባረረው ይኸው ሰው ነው። የአባቴ ጥፋት አንድ ድንጋይ ነበር። አባቴ ክብደቱን በይርጋጨፌ ሱቅ ያስለካው ድንጋይ ነበረው፤ ቡናውን ከማስመዘኑ በፊት ሁልጊዜ እሱን ያስቀድማል። አንድ ቀን ድንጋዩ በግራዝማች ሚዛን ላይ ቀለለ። አባቴም ሚዛኑ ይሰርቃል ብሎ ሰው ፊት ተናገረ።

ያን ምሽት፣ የአባቴ ስም ከዚህ ሬዲዮ ወጥቶ ይህን ሰው ካላሳፈረው የዱካሌ ልጅ አይደለሁም ብዬ ማልኩ። ለእውቀት ሄደ ትላላችሁ፤ እኔ የሄድኩት ለቂም ነው።

እንግሊዝ አገር ስገባ ፓስፖርት ተመልካቹ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

"የሰማይን ሬዲዮ ላዳምጥ።"

"አገርህ ሰማይ የለም?"

"አለ፣ ጌታዬ። ከሥሩ ያለው መሬት ግን ባለቤት አለው።"

አልሳቀም፤ ማኅተሙን መታልኝ። የቤት አከራዬም ያው ናት። ሥራዬን ስነግራት "እንግዲያው ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርግ" አለችኝ። ጠዋት ፖሪጅ የሚባል አቀረበችልኝ። ገንፎ መስሎኝ መሃሉን ጎድጉጄ ቅቤ ስጠብቅ ስኳር መጣ! ቡና ብላም ከቆርቆሮ ዱቄት በማንኪያ ዛቀች። ካፊያው የኛው የአሪቻ ካፊያ ነው፤ ሲያባራ ግን አፈሩ አይሸትም፣ ጎረቤትም ብቅ ብሎ እንዴት አደርክ አይልም። እንደዚያ ቆጮ አምሮኝ አያውቅም።

ሥራዬ ኩዌዛር ላይ ነበር። ኩዌዛር ሲያዩት ኮከብ ይመስላል፤ ግን እጅግ የራቀ፣ ጉልበቱም ከአንድ ሙሉ ጋላክሲ የሚበልጥ ነገር ነው። የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ አጭርም ረጅምም ሆኖ ይደርሰናል፤ እኔ የየሞገዱን ብርታት እለካለሁ። ታዲያ አንዱ ኩዌዛር በአጭሩ ሞገድ ከወር ወር እየበረታ መጣ።

"መሣሪያው ተበላሽቷል" አለ አለቃዬ ዶክተሩ። "ይህን የሚያህል ነገር በወራት ውስጥ አይለዋወጥም።"

እኔ ግን እንደ አባቴ ድንጋይ፣ ብርታቱ የማይለወጥ ሌላ ምንጭ ሁልጊዜ አስቀድሜ እለካ ነበር። እሱ ንቅንቅ አላለም። "ሚዛኑ ደህና ነው፤ የተለወጠው ኩዌዛሩ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። ሳቁ የግራዝማችን ሳቅ ስላስታወሰኝ ጥርሴን ነክሼ መለካቴን ቀጠልኩ። ቂመኛ ሰው መጠበቅ ያውቅበታል። ከወራት በኋላ ያው ብርታት፣ ዘግይቶና ለዘብ ብሎ፣ ረጅሙን ሞገድ በሚለካው በሌላው መሣሪያም ታየ። ዶክተሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አገላብጦ "ሁለት መሣሪያ እንዲህ ተራ ጠብቆ አይበላሽም" አለና ጨበጠኝ።

ጥናቱ በስሜ ወጣ። የአገራችን ሬዲዮም ስሜን ከነአባቴ ስም እንደተናገረ ተጻፈልኝ። ግራዝማች በረንዳው ላይ "ዱካሌ" የሚለውን ሲሰማ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ሲቀር ታየኝ። ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ሳቅሁ። ለአባቴ ዲላ ስልክ ቤት እንዲጠብቀኝ ጽፌ፣ ቀኑ ሲደርስ ደወልኩ።

"ሃሎ! ልጄ!" የሚል ድምፅ መጣ። የአባቴ አይደለም።

"ማን ልበል?"

"ግራዝማች ደምሴ ነኛ! ጌታህን ረሳህ? ሰማንህ እኮ! ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት አልኩ።"

ለእሱ ብዬ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ አፌ ላይ ደረሰ። "አባቴን ያቅርቡልኝ" ብቻ አልኩ።

"በመኪናቸው አመጡኝ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ። "'የልጄ አባት' ነው የሚሉኝ። ማሳዬንም መልሰውልኛል።"

"እሳቸው ናቸው ወይ ያስተማሩት ብሎ ሰው ሲጠይቅህ ምን አልክ?"

"ምን ልበል፣ ልጄ? አዎ አልኩ። ቡናው ቀልቶ ለለቀማ ደርሷል። አጠገቤ ናቸው፤ በሞቴ አመስግናቸው።"

ስልኩን ተቀባበሉ። የግራዝማች ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" አልኩት።