ጣት ያረፈባት ስላይድ

በፋርማሲ በር ሳልፍ የአልኮል ሽታ ካገኘኝ፣ ድሬዳዋ ከዚራ የነበረው ቤታችን፣ የግርማ ጠረጴዛና ያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ይመጡብኛል። ልጽፈው ጀምሬ ብዙ ጊዜ አቁሜዋለሁ። ዛሬ እንደ ምንም እጨርሰዋለሁ።

ግርማ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። ባቡር ጥገና ይሠራ ነበር፤ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ አለቃው ካሜራውን ትቶለት ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ደሞዙም ዕረፍቱም የስላይድ ሆነ። ስላይድ ማለት በካርቶን ክፈፍ የታሰረች፣ የቴምብር ያህል ባለቀለም ፊልም ነች፤ ብርሃን ሲያልፍባት ነው ሰው የሚታይባት። ከውጭ አገር ተሠርታ እስክትመጣ ወራት እንጠብቃለን፣ ስትመጣ ደግሞ የድሬዳዋ አቧራና ላብ ይቀበላታል። ስለዚህ ግርማ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ እናቴ የከሰል ምድጃዋን እንዳታቀርብ አስጠንቅቆ ያጸዳቸዋል። መጀመሪያ በጆሮ ማጠቢያ ጎማ አቧራውን እፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ይዳብሰዋል፤ የጣት ቅባት ያለበትን ብቻ ደግሞ ጥጥ አልኮል ነካ አድርጎ፣ ሳይጫን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠርጋል። ውሃ ግን በፍጹም። ቀለሙ የተቀመጠው እንደ ሙጫ ባለ ነገር ላይ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይላላል ይል ነበር።

የሚያነሳው እሱ ስለሆነ የእሱ ምስል አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጣቢያው ፊት ለፊት ሲስቅ እኔ ያነሳኋት። በዚያ ቅዳሜ እሷኑ አንስቼ ሳይ አውራ ጣቴ መሃሏ ላይ አረፈ።

«አቦ ጣትህን!» አለ። «ሽሮ በበላ እጅህ ፊቴን ታሻሸዋለህ?»

«በአረቄ ልጥረጋት?»

«አረቄ ለአጎትህ ነው፣ ውሃ አለበት። ስመለስ ራስህ ትጠርጋታለህ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ። አንተ የሁለተኛ ደረጃ ምሁር!»

ለብቻዋ በብስኩት ጣሳ ዘግቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣት። አልኮሉ አልቆ ነበርና ሊገዛ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄደ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከተማው ላይ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ነው። ደቻቱ እንዲህ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰውና አህያ ሲያሻግር ይውልና በአንድ ጊዜ የጎርፍ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል። ግርማን ሲመለስ መሃል ላይ ያዘው። አመሻሽ ላይ ከከተማው በታች አገኙት። ድንጋዩና ደለሉ ፊቱን አልተዉለትም። ሽማግሌዎቹ እናቴ ሳታየው ከፈኑት። ከኪሱ የአልኮሉ ጠርሙስ ወጣ፤ አልተሰበረም፣ ጠብታም አልጎደለም።

በማግስቱ ቀበርነው። እናቴ መንገዱን ሁሉ ያለችው አንድ ነገር ነው። «ፊቱን አሳዩኝ። ፊቱን ብቻ።» ስላይዶቹ አሉ ብዬ ልቤን አጸናሁ።

ስንመለስ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ቤቱን ለለቀስተኛ አጽድታ ጠበቀችን። በሰፈራችን የሞተ ሰው ዕቃ እንደቆሸሸ አያድርም፤ የሚያጥበውም ጎረቤት ነው። ሸሚዞቹን አጥባለች። ጫማውን ወልውላለች። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ስላይዶችም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አንድ በአንድ አሽታ፣ ግቢ ውስጥ ባለው ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አስጥታቸዋለች።

«አቧራ በልቷቸው ነበር ልጄ» አለችኝ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ወላሂ፣ አሁን እንደ መስታወት ሆኑ።»

እውነትም እንደ መስታወት ሆነው ነበር። አንዷን አንስቼ ባይባት የታየኝ የግቢያችን አጥር ነው። ቀለሙ ተገፍፎ ቆርቆሮው ላይ እንደ በርበሬ መረቅ ደርቋል። ጣቢያው፣ ገበያው፣ እናቴ በአዲስ ነጠላዋ፤ ሁሉም። አዴ ፋጡማ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ አዴ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

በነጋታው ማለዳ፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ጣሳዋን አወረድኩ። መስኮቱን ከፈትኩ። ጎማውን፣ ብሩሹን፣ ከዚያ የእሱን ጠርሙስ። ማንም ቆሞ አላየኝም። ሳልጫን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። የጣቴ አሻራ ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ከሥሩ ግርማ እየሳቀ ወጣ፣ ጥርሱ ሳይቀር።

ለእናቴ ወስጄ በፀሐይ አንጻር አስያዝኳት። ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየች።

«ይህቺን ያክላል?» አለች። «ልጄ፣ ይህቺን ያክላል?»

ከዚያ ሳመችው። እንደ ማንኛውም የሟች ፎቶግራፍ፣ በእንባ የራሰ ከንፈሯን ፊቱ ላይ ተጭና፣ ደጋግማ። የግርማ ቁጣ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ስትመልስልኝ እርጥበቱ ፊቱ ላይ ክብ ሠርቶ ነበር፤ ሳቁ መላላት ጀምሯል።

ጥጥ ነበረኝ። አልኮሉም ገና ከግማሽ በላይ ነበር። የእናቴን የከንፈር አሻራ ሳልጠርግ ወደ ጣሳዋ መልሼ ዘጋሁባት።