እንቁራሪት ጾም ታስገድፋለች ወይ?

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ደብረ ታቦር፣ እንቁራሪት ጾም ታስገድፋለች ወይስ አታስገድፍም በሚል ከባድ ጉዳይ ላይ ጉባኤ ተቀምጠን ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ወር ደም ሲሸኑ የከረሙትን አጎቴን አያ አለሙን ላጽናና ብዬ አንድ ጽሑፍ አነበብኩላቸው። ከእንቁራሪት ቆዳ የተገኘ፣ ፔፕታይድ የሚሉት ጀርም ገዳይ ነገር ደም መሽናት አንዱ ምልክቱ የሆነውን የሽንት ፊኛ ካንሰር ይገድል እንደሆነ በቤተ ሙከራ እየተፈተሸ ነው ይላል።

"ገና ሙከራ ላይ ነው" ማለቴን የሰማ የለም፤ ሁሉም እንቁራሪት ትበላ የተባለ መሰለው።

አያ አለሙ ምርመራ በተባለ ቁጥር ጾምን ምክንያት አድርገው የሚሸሹ ናቸው። "እንቁራሪት ሥጋ ናት፤ ጾሙ ይፈታና እናስብበታለን" አሉ።

"ኧረ አያ፣ የውሃ ፍጥረት አይደለች? ዓሣ ናት በሏት!" አለ ጎረቤታችን።

የንስሐ አባታቸው ተጠሩ። ግራ ቀኙን ሰምተው ሲያበቁ፣ "ደሙ ከጀመረህ ስንት ጊዜህ?" አሉ።

"ሦስት ወር፣ አባ።"

"በል ቀኖናህን ስማ። ስግደት የለብህም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደህ ትመረመራለህ። እንቁራሪቷን ለፈጠራት ተዋት።"

ለሐኪም እምቢ ያሉት ሰው፣ ለቀኖና ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። ይኸው ተራ እየጠበቅን ነው። ጸልዩላቸው።

እናንተ ቤትስ፣ እምቢ ያለውን ሽማግሌ ሐኪም ዘንድ ያደረሰው ምን ነበር?