ቃል የጠፋባቸው የዘይቤ መምህርት

ሚስ ዊልማ ክራውዘር ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ በወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ አስተምረው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጆቹ አድገው በየከተማው ሲበተኑ፣ ባላቸውም ሲሞቱ፣ ያ ጠረጴዛ ባዶ ሆነባቸው። እዚህ ደቡብ ሚዙሪ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ቤተሰቦች ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እንገናኛለን። አንዱ ወላጅ ሳይንስ፣ ሌላዋ ሙዚቃ፣ እኔ ደግሞ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሚስ ዊልማ አንድ ማክሰኞ የበቆሎ ዳቦ ይዘው መጡና፣ «የማመጣው ልጅ የለኝም፤ ድርሰት ግን ማስተማር እችላለሁ» አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የድርሰት ክፍሉ የሳቸው ሆነ።

የእኔን ክፍል ከሳቸው የሚለየው ታጣፊ የእንጨት ግድግዳ ነው። ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ሲደምሩ የእኔ ጆሮ ብዙ ጊዜ ወዲያ ማዶ ነበር።

በዚያ መከር ዘይቤ ማስተማር ጀመሩ። «ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚባለው» አሉ፣ «አንዱን ነገር ‹እንደ› እያልን ከሌላው ጋር ስናስተያየው ነው። ታቢታ፣ እስቲ ስለ አባትሽ እጅ አንድ ነገር በይን።»

ታቢታ የሮይስ ልጅ ናት፤ ከወንዙ ማዶ የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው የሮይስ። ፊቷ ቶሎ የማይፈታ፣ ሁሉን ነገር መርምራ የምትቀበል ልጅ ነበረች።

«የአባቴ እጅ እጅ ነው» አለች።

«ምን ይመስላል?»

«እጅ ይመስላል።»

ልጆቹ ሳቁ። ታቢታ ግን ቀጠለች። «እንደ ድንጋይ ነው ብል ውሸት ነው። ድንጋይ አይደለም። እኛ ቤት ደግሞ አይዋሽም።»

ሚስ ዊልማ አልሳቁም። «እንግዲያው አትዋሺ» አሏት። «ያመንሽበትን ስታገኚ ያኔ ትነግሪኛለሽ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሮይስ ራሱ ልጁን ይዞ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ሚስ ዊልማ፣ ልጄ ግራ ገብቷታል። ያልሆነውን ሆነ በይ ብለዋታል?»

«መጀመሪያ ደኅና አደሩ አትለኝም? ምነው ዓይንህ ቀላ?»

«ኧረ ተዉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል።»

«በምን? በመጥረቢያ?»

ሮይስን ሳቁ አመለጠው። ታቢታ ግን ቀና ብላ እያየችው፣ «አባዬ፣ ዋሽተህ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አይደለም፣ የኔ ልጅ። እውነቴን ነው። እንዲህ ካልተባለ ታዲያ እንዴት ይነገራል?»

«እኔም የማስተምረው እሱን ነው» አሉ ሚስ ዊልማ።

በዚያ ሳምንት ልጆቹ ከቤታቸው የሰሙትን እንዲህ ያለ አባባል ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ። አንዱ፣ «እናቴ ‹ልቤን አወለቅኸው› አለችኝ፤ ግን አልወለቀም» አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ ጎረቤታቸው «ምላስ ብቻ ናት» መባሏን ነገረች። ታቢታ ከዚያ ወዲህ ዘይቤን መጥላቷን ተወች። ይልቁንም በየሰው ዘይቤ ላይ ፈራጅ ሆና ቁጭ አለች። አንድ ልጅ «እንደ በረዶ ነጭ» ብሎ ሲያነብ፣ «መንገዱ ላይ ያለውን በረዶ አይተኸዋል? ጥቁር ነው» አለችው። ሚስ ዊልማ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሲስቁ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

ከገና በኋላ ስትሮክ መታቸው። ጎረቤታቸው ጠዋት ወጥ ቤት ወድቀው አገኘቻቸው። ሕይወታቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ደከመ። ከሁሉ የባሰው ግን የነገሮች ስም ከአፋቸው መጥፋቱ ነበር። ሾርባ ይዤ ልጠይቃቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳህኑን አዩት፣ ማንኪያ ፈልገው እንደሆነ ገባኝ። «ያንን... ያንን...» አሉና ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። ማንኪያውን አቀበልኳቸው። ሾርባውን ግን አልነኩትም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ትልቁ ልጃቸው ኤቨረት ከካንሳስ ሲቲ መጥቶ አብሯቸው ሰነበተ። እሱ ዘንድ ሊወስዳቸው ቆርጦ ነበር። ክፍሉን ሌላ እናት ተረከበችው፤ ልጆቹ «ክፍት ቦታውን ሙሉ» የሚል ወረቀት እየሞሉ ያዛጉ ጀመር።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ሚስ ዊልማ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ደረጃውን ወረዱ። «ልትሰናበታቸው ነው» አለኝ ኤቨረት ዝቅ ባለ ድምፅ። ታጣፊውን ግድግዳ ገፋ አደረግሁትና የእኔም ተማሪዎች ወደዚያ ማየት ጀመሩ።

ምድር ቤቱ ማሞቂያው በርትቶበት ታፍኗል። ሚስ ዊልማ ከጣሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ መስኮት እያመለከቱ፣ «ይሞቃል። ያንን...» ብለው ቆሙ። ኤቨረት ሊያግዛቸው ሲል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ።

«የግድግዳውን ዓይን» አሉ በመጨረሻ። «ግለጡት።»

ታቢታ ወንበር ላይ ወጥታ መስኮቱን ከፈተችው። ከዚያ ሳትወርድ ጥቂት አሰበችና፣ «ትክክል ነው» አለች። «ያያል፣ ደግሞ ይከደናል።»

ሚስ ዊልማ ሳቁ። ወደ ሰሌዳው ሄደው፣ «ነጩን አጥንት ስጡኝ» ሲሉ ሁለት ልጆች ጠመኔ ለማቀበል ተሽቀዳደሙ። መነጽራቸውን «የአፍንጫዬ ፈረሰኛ» ሲሉት፣ ታቢታ እንደ ልማዷ መረመረችው። «እግሩ በግራና በቀኝ ነው። ይሁን፣ ያስኬዳል።» ስንብቱን ያነሳው ሰው አልነበረም፤ ሰዓቱ አልቆ ወላጆች ደረጃው ላይ ሲጠብቁ ገና እያስተማሩ ነበር።

ኤቨረት እኔ ዘንድ መጥቶ ትንሿ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር አልሰማኋትም» አለኝ። ከዚያ እጆቹን እያየ፣ «እኔ እኮ አስባ ሳታገኘው ቃሉን ቶሎ ቶሎ አቀብላት ነበር» አለ። በዚያው ሳምንት ብቻውን ወደ ከተማው ተመለሰ። ሚስ ዊልማን በየማክሰኞው እያመጣ የሚመልሳቸው ሮይስ ሆነ።

ሁሉም ቀን እንዲያ አማረ አልልም። አንድ ቀን «ድልድይ» የሚለው ቃል በየትም በኩል አልመጣ ቢላቸው ክፍሉን ጥለው ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ታቢታ ወጥታ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቆይተው ተያይዘው ገቡ። ንግግር የምታለማምዳቸው ባለሙያ ግን በየጊዜው መሻሻላቸውን ትነግራቸው ነበር፤ ጠፉ ያልናቸው ቃላት አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው፣ ያልተመለሰውንም በዙሪያው እየዞሩ ይደርሱበታል ትል ነበር።

በመጨረሻ የተመለሰላቸው የሰው ስም ነው። እስከዚያ ታቢታን «ሚዛኗ» ይሏት ነበር፤ እኔን «ቁጥር የምትዘራው»፤ ብሎንና ሚስማር እየለቀመ የሚዞረውን ተማሪያቸውን ክሌመንትን ደግሞ «ኪሱ የሚንሿሿው»።

በግንቦት ልጆቹ ጽሑፋቸውን ለወላጆች የሚያነቡበት ቀን ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው መስክ ላይ ሁላችንም ከየቤታችን ያመጣነውን ምግብ በረጅሙ ጠረጴዛ ደርድረን ተቀመጥን። ሚስ ዊልማ ተነሥተው አንባቢዎቹን ራሳቸው ጠሩ፤ ወረቀት ሳይዙ፣ እያንዳንዱን በእውነተኛ ስሙ። ሮይስ ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ። ታቢታ ስለ አባቷ እጅ የጻፈችውን አነበበች፤ ረጅም ነበር፣ ‹እንደ› የሚለው ቃልም ሞልቶበታል።

«ክሌመንት» አሉ ቀጥለው፣ ጥርት አድርገው።

ልጁ ተነሥቶ መጣ፤ ፊቱ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

«ሚስ ዊልማ፣ የበፊቱ ይሻለኝ ነበር።»

«የቱ የበፊቱ?»

«ሲጠሩኝ የነበረው ነዋ።»

ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ፣ አሰቡና፣ «እሱንማ ረሳሁት» አሉ።

ክሌመንት ትከሻውን ነቅንቆ ወረቀቱን ዘረጋና ማንበብ ጀመረ።