ማራችን ውስጥ የተገኘው ሸንኮራ

እኔ ስቆጣ አፌ ይቀድመኛል። መንደራችን ገሳይ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። አባቴ እንኳ «ይቺ ልጅ ቀፎ አጠገብ ከጮኸች ንቦቹ አገር ጥለው ይሄዳሉ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

የማር ማኅበራችን ናሙና ውጭ አገር ተመርምሮ «ስኳር አለበት» ተብሎ ሲመለስ ደብረ ታቦር ተጠራን። አንዲት የማር ባለሙያ አስረዳችን። ሸንኮራ አገዳ ካርቦንን ከአየር የሚስብበት መንገድ ከአደይ አበባ ይለያል አለች። ሸንኮራው ላይ ከባዱ የካርቦን ዓይነት በዛ ይላል፤ ስኳር ሆኖ ንብ ሆድ ገብቶ ቢወጣም ያ ልዩነት አይጠፋም። ምላስና አፍንጫ ይታለላሉ፣ መሣሪያው ግን ይለየዋል።

ማሩ የተላከው ተደባልቆ ስለነበር የማን እንደሆነ አልታወቀም። እኔ ግን ዐወቅሁ! ብድግ አልሁና «ስኳር የሚሸጠው ማን ሆነና ነው? ይባረርልን!» አልሁ።

ሁሉም ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከሱቃቸው ጓሮ ቀፎ አላቸው። እናቴ ስትሞት ድንኳን ውስጥ ከኛ ጋር የሰነበቱ ሰው ናቸው። አንዴ አባቴን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «የየሰዉ ለብቻው ይመርመር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሰላምታ ነፈግኋቸው። በሱቃቸው ፊት ሳልፍ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስብ ነበር፤ እሳቸው የሰረቁ፣ እኔ የተሰረቅሁ ይመስል።

ውጤቱ መጣ። የሐጂ ማር ንጹሕ ነው። ስኳሩ የኛ ነው።

«ሐሰት ነው! እመብርሃንን፣ ስኳር ደርሶበት አያውቅም!» ብዬ ማልሁ። ቤት ስገባ ለአባቴ እየጮኽሁ ነገርኋቸው። ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ማሩ ላይ አልጨመርሁም። ነሐሴ ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ስኳር በውሃ በጥብጬ ለንቦቹ ሰጠኋቸው እንጂ።»

«እሱንማ ማን የማይሰጥ አለ? አደይ ፈንድቶ ማር መሥራት ሲጀምሩ አላቆሙም?»

«እንዴት ላቁም? ለምደውኝ መጡ። የለመደ እንግዳ መጥቶ ገበታ ይነሣበታል እንዴ?»

ወይ ጉዴ! ንብ ማብላት ማር መቀላቀል ሊሆን እንደሚችል ለአንድ አፍታም አልታያቸውም። ስኳሩን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው «ከሐጂ ነዋ» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ነገር ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እግሬ እየተጎተተ ሱቃቸው ሄድሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሐጂ ግን በርጩማውን አቧራውን ጠርገው አቀረቡልኝ። አልተቀመጥሁም።

«ሐጂ፣ ያውቁ ነበር?»

«አባትሽ ስኳሩን ለንቦቹ እንደሚገዙ ነግረውኛል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«ሽማግሌውን በሰው ፊት ላዋርዳቸው? አላህ ይጠብቀኝ።» ሚዛኑን በጨርቅ ወለወሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ደሞስ ልጄ፣ ብናገር ታምኚኝ ነበር?»

«አምንዎ ነበር» ለማለት አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም። እንደማላምናቸው ሁለታችንም እናውቀው ነበር።